ሰባተኛው መደብ

ሟቿን ያገኟት ሳር አጫጆቹ ናቸው። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም፣ አሥራ አንድ ሴቶች ማጭዳቸውን ይዘው ከቡሬ ወጣ ብሎ በሚገኘው ዛላ ሜዳ ወደ ሰባተኛው የሳር መደብ ገቡ። ዝሆኔ ሳር ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ ውስጡ የገባ ሰው ከፊቱ ሁለት ክንድ እንኳ አያይም። መሐል ሲደርሱ አንድ ክፍል ቤት የሚያህል ቦታ አስቀድሞ ታጭዶ፣ ሳሩም እዚያው ተከምሮ አገኙ። ሽታው መጀመሪያ የበሰበሰ ሳር መስሏቸው ነበር። አንደኛዋ ክምሩን በማጭዷ ገፋ ስታደርገው የሰው እጅ ወጣ።

እኔና ሳጅን ባምላኩ ከፍኖተ ሰላም ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከመደቡ ዳር ተቀምጠዋል። ሟቿን ሁሉም ያውቋታል። ፀደይ ወልደ ገብርኤል ትባላለች፤ የሃያ አምስት ዓመት የዱርቤቴ ልጅ፣ በዕፅዋት ሳይንስ የተመረቀች። ሥራዋ ከየመደቡ የታጨደውን ሳር መዝኖ መመዝገብ ነበር። ከሐሙስ ወዲህ ያያት የለም። ለቤተሰብ ጥየቃ የሄደች መስሏቸው ማንም አልፈለጋትም። ጭንቅላቷ ከኋላ በኩል ተመትቷል። ስልኳ የለም። ከክምሩ ሥር እጀታው በሽቦ የተጠመጠመ አሮጌ ማጭድ አገኘን።

የሳር ምርምር ጣቢያው ኃላፊ አቶ እንድሪያስ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየመረጠ መጣ።

«ኢንስፔክተር ፍሬሕይወት፣ በጣም ያሳዝናል» አለኝ። «የግል ጉዳይ ይመስለኛል። ቆንጆ ልጅ ነበረች፤ ወንድ አይጠፋም።»

«ቆንጆ መሆኗን ማን ጠየቀዎት?»

ትንሽ ደነገጠ። ስለ ሥራቸው እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ከዚህ ሳር ኤታኖል ሊያወጡ ነው፤ ነዳጅ ላይ ይጨመራል። ስምንቱ መደቦች ሙከራ ናቸው። ምርቱ ጥሩ ከሆነ ሜዳው በሙሉ ሳር ይተከልበታል፣ ፋብሪካም ይቆማል።

«ሜዳው የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። ጠፍ መሬት ነው፤ የሚጠቀምበት የለም።»

ይህን ሲለኝ ከጀርባው ስልሳ የሚሆኑ ከብቶች ሜዳው ላይ ተሰማርተው ይግጡ ነበር።

የማጭዱን ባለቤት ለማወቅ አልተቸገርንም። የፕሮጀክቱ የማኅበረሰብ አስተባባሪ ዓለምብርሃን እንዳየው ፊቱ ተለዋወጠ። እዚያው መንደር ተወልዶ ያደገ፣ አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ፣ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። ለሴቶቹ ውሃ ያመጣላቸውም፣ ለአስከሬኑ መሸፈኛ አንሶላ የፈለገውም እሱ ነበር።

«ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «የአጎቴ የገብረሰንበት ነው።»

«እንዴት እዚህ መጣ?»

«ባለፈው ሳምንት ሰኞ ለከብቶቹ ትንሽ ሳር እንዲያጭድ ፈቅጄለት ነበር። ማታውን አጭዶ የከመረውን አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላውቅም። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ፍኖተ ሰላም ስብሰባ ላይ ነበርን። አጎቴ ቁጡ ነው፤ ክፉ ሰው ግን አይደለም። እባክሽ በሽማግሌነቱ እዘኚለት።»

አመንኩት። አሁን ሳስታውሰው ከምንም በላይ የሚያናድደኝ ያ ነው።

ገብረሰንበትን ከሰዓት በኋላ አመጡልኝ። ወገናቸው ከአዊ ነው፤ ከፖሊሱ ጋር በአማርኛ፣ ለራሳቸው ደግሞ በአውንጊ ቋንቋ ያወራሉ። ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም።

«አያ ገብረሰንበት፣ ይህ ማጭድ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው። ጣራ ሥር ነው የምሰካው። ሳምንት ሆነው ካጣሁት።»

«ሰኞ ሳር አጭደዋል?»

«የማንን ሳር? ለምኜ ከልክለውኛል። ከብት ያበላንበትን ሜዳ አጥረው፣ ሳሩን ለመኪና ነው የምንተክለው አሉን። እኔ ደግሞ ላሞቼ ከመኪና በፊት እዚህ ነበሩ አልኳቸው።»

«የመንደሩ ስብሰባ ላይ፣ ይህን ሳር የሚተክል መጀመሪያ እኔን ይቅበረኝ ብለዋል?»

«ብያለሁ። እኔን አልሁ እንጂ ያችን ልጅ አላልሁም።»

«ሐሙስ የት ነበሩ?»

«ከከብቶቼ ጋር።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ከብቶቹ አይተውኛል፤ እነሱ አይመሰክሩልኝም እንጂ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ማጭዴን ያወቀው ማን ነው?»

ነገርኳቸው።

«እህቴ፣ እናቱ፣ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ልጇን እኔ ነኝ ያኖርሁት» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያ ታሰሩ።

በማግስቱ የአስከሬን ምርመራው ውጤት ደረሰ፦ ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ በብረት ነገር አንድ ጊዜ ተመትታ። ከተማው ግን የራሱን ፍርድ ሰጥቶ ጨርሷል። በባጃጁም በምግብ ቤቱም የሚወራው አንድ ነው፤ ፀደይ ሁለት ወንድ ይዛ ነበር፣ አንዱ ቀንቶ ገደላት። የገዳዩን ስም እስከ መጥራት የደረሰም ነበር። እጮኛዋ ክንፈሚካኤል ነው።

ክንፈሚካኤል ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነው። ሐሙስ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ሲያስተምርና ፈተና ሲፈትን እንደዋለ ርዕሰ መምህሩም አርባ ተማሪዎችም መሰከሩ። ልጁ ግን የሚወራውን ሰምቷል። ዓይኑ ደም መስሏል።

«እኔን ይጠርጥሩኝ፤ ግድ የለም» አለኝ። «እሷን ግን ምን አድርጋቸው ነው? አፈር ሳትለብስ ስሟን አቆሸሹት።»

«የመጨረሻ ጊዜ መቼ ተነጋገራችሁ?»

«ያለፈው ሳምንት ረቡዕ። ሥራ ላይ የከበዳት ነገር እንዳለ ነግራኛለች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ የሞተ ሰው ይፈርማል ወይ አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ሰውየውን ሳልጠይቀው ለማንም አልናገርም፣ ምናልባት ስህተት ይሆናል አለችኝ።»

«ሰውየው ማን ነው?»

«አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።»

አርብ ወደ ዛላ ሜዳ ተመለስኩ። ከአጫጆቹ ሁሉ ትልቋን፣ ወለተ ሐና የሚባሉትን እናት፣ ክምሩ ወደ ነበረበት ቦታ ይዤ ገባሁ። የፈለግሁት አስከሬኑ ሲገኝ አጫጆቹ የት የት እንደቆሙ እንዲያሳዩኝ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ጉቶውን ይዳብሱ ጀመር።

«ይኸ መቼ ታጨደ ተባለ?» አሉኝ።

«ያለፈው ሳምንት ሰኞ።»

«ማነው ያለሽ? ነይ ተከተይኝ።»

ወደ ስድስተኛው መደብ ወሰዱኝ። ይህን ያን ሰኞ አሥራ አንዳቸውም ሆነው እንዳጨዱት ነገሩኝ። ዝሆኔ ሳር ሲታጨድ በማግስቱ ማቆጥቆጥ ይጀምራል፤ እርጥበት ካለ በየቀኑ የጣት ውፍረት ያህል ያድጋል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ለጋውን በእጃቸው ለኩት፤ ከስንዝር በላይ አራት ጣት። ከዚያ አምስተኛውን መደብ አሳዩኝ። እሱን ያጨዱት በዚያው ሳምንት ረቡዕ ነው፤ አንድ ስንዝር ሞልቶ ትንሽ ተርፏል። ወደ ሰባተኛው ስንመለስ ክምሩ ዙሪያ ያለው ለጋ ስንዝር አልሞላም ነበር።

«ይኸ ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ነው የታጨደ» አሉ። «ደግሞ ጉቶውን እዪው። ለከብቱ የሚያጭድ ገበሬ እስከ አፈሩ ነው የሚያጭድ፤ አንድ ጭራሮ አይተውም። ይኸ እኛ እዚህ እንደተማርነው ነው፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ተደርጎ። ገብረሰንበት ይኸን ማን አስተምሮት?»

ሳጅን ባምላኩ በሜትር ለካው። የሴትዮዋ እጅ አልተሳሳተም። እንግዲህ ሳሩ የታጨደው ሐሙስ፣ ልጅቱን ለመሸፈን ሲባል ነው፤ ያጨደውም የጣቢያው ሰው ነው። ዓለምብርሃን ቀኑን ተሳስቶት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የጠረጠርኩት ሌላ ሰው ነበርና።

«እማማ፣ ይህ ሰባተኛው መደብ ከሌሎቹ ለምን ረዘመ?»

«የውሃ ሞተር ተተክሎለት! ማዳበሪያውም ሁለት እጥፍ ነው። የቀሩት ሰባት መደቦች በዝናብ ነው፣ ይኸ ብቻውን እንደ ቅምጥል ልጅ ነው ያደገ። ፀደይ ስትመዝን ሁልጊዜ ትናደድ ነበር። ወደ ላይ የሚላከው የዚህ ብቻ ነው ትለን ነበር።»

በቀጥታ እንድሪያስ ቢሮ ገባሁ። የቀሩትን ሰባት መደቦች ክብደት ትቶ የአንዱን ብቻ ሪፖርት ማድረጉን አልካደም።

«ያ የሳሩን አቅም የሚያሳይ ነው» አለኝ።

«ሐሙስ የት ነበሩ?»

«መድረክ ላይ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ። ስብሰባው ተቀርጿል፤ ማየት ይችላሉ።»

አየሁት። እውነቱን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከመድረኩ አልወረደም። ለመቶ እንግዶች የሰባተኛውን መደብ ክብደት የሜዳው ሁሉ ምርት አድርጎ ሲያቀርብ ዋለ። ያን ሰዓት ቁጥሩን በእጇ የመዘገበችው ልጅ መደቡ ውስጥ ትሞት ነበር። ነፍሰ ገዳይ ግን አልነበረም፤ እኔም ባዶ እጄን ቀረሁ።

ስብሰባው ላይ የተገኙትን የምትመዘግበው የፕሮጀክቱ ጸሐፊ ሠርክአዲስ ናት። የፊርማ ወረቀቱን ስታመጣልኝ የጣቢያው ሰዎች ሁሉ ጠዋትም ከሰዓትም ፈርመዋል። ቀለሙ ግን በየመስመሩ አንድ ዓይነት ነበር።

«ሁለቱን ፊርማ አንድ ላይ ነው የፈረሙት?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርግ፣ እህቴ። ጠዋት ሲገቡ ለቀኑ ይፈርማሉ።»

«ከፈረመ በኋላ የወጣ ሰው አለ?»

ትንሽ አሰበች። «ዓለምብርሃን ብቻ። አምስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለለት። እናቴን አሟታል ብሎኝ በሞተር ሳይክሉ ወጣ። አሥር ሰዓት ግድም ተመለሰ። እናትህ እንዴት ናቸው ብዬ ስጠይቀው፣ ተሽሏታል አለኝ።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። እናቱ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው።

«ሠርክአዲስ፣ እዚህ ቢሮ ውስጥ የመንደሩ ሰው የፈረመበት ወረቀት አለ?»

«ቃለ ጉባኤው አለ። ፀደይ ከሪፖርቱ ጋር እንድታያይዘው ረቡዕ ለት ሰጥቻት ነበር፤ ኮፒ አድርጋ መለሰችው።»

ፋይሉን ከፈትኩት። መቶ አሥራ ሁለት አባወራና እማወራ የግጦሽ ሜዳችንን በሙሉ ፈቃዳችን ለፕሮጀክቱ ለቀናል ይላል። ከየስሙ ፊት ሰማያዊ የጣት አሻራ አለ። ያዘጋጀው ዓለምብርሃን ነው። በአርባ ሰባተኛው ተራ ቁጥር ላይ «ወ/ሮ ያይኔአበባ» የሚል ስም ሰፍሯል።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ከገብረሰንበት አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

«አያ፣ የእህትዎ ስም ማን ነበር?»

«ያይኔአበባ። ምነው፣ ያችም ልጅ ረቡዕ ይኸንኑ ጠይቃኝ ነበር። መቼ ነው ያረፉት አለችኝ፤ ነገርኋት።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?»

«አንቺ የጠየቅሽኝ፣ ሐሙስ የት ነበሩ ብለሽ ነው።»

 በዚያው ሰዓት ከእስር አስፈታኋቸው።

የአሻራ ባለሙያው ሁለት ቀን ፈጀበት። ከመቶ አሥራ ሁለቱ አሻራ ስልሳ ሦስቱ የአንድ ሰው ቀኝ አውራ ጣት ነው፤ ከቀሩትም አብዛኞቹ የጥቂት ጣቶች ድግግሞሽ ናቸው። የስልክ ዝርዝሩም መጣ፤ ፀደይ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችው ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ለዓለምብርሃን ነው። ባምላኩ የውሃ ሞተሩን ጉድጓድ አስጠርጎ ስልኳንና የመደብ ምልክት የሆነ አንድ የብረት ችካል አወጣ።

ዓለምብርሃን ሲመጣ እንደ ሁልጊዜው ትሑት ነበር። ቃለ ጉባኤውን ፊቱ ዘረጋሁት።

«የእናትህን ስም አንብብልኝ።»

አላነበበም።

«አውራ ጣትህን ለባለሙያው ስጥ።»

እጁን ከጠረጴዛው ሥር ከተተ። 

«ሰው አልመጣልኝም» አለ በመጨረሻ። «ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠራሁ። ሜዳውን እንሰጣለን ያሉት አሥር አይሞሉም። ፈቃዱ ካልመጣ ፋብሪካው ሌላ ቦታ ይሄዳል ተባልኩ። ከመጣ የማስፋፊያው ኃላፊ ትሆናለህ ብሎኝ ነበር፣ እንድሪያስ። ስም ስደረድር… የእናቴን ሳላስበው ነው የጻፍኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን በእሷ ስም ነው የሚጠራው።»

«ፀደይ ምን አለችህ?»

«ለማንም አልተናገርኩም፣ መጀመሪያ አንተን ልጠይቅህ አለችኝ። ስህተት ከሆነ አርመው፣ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ አለችኝ። አልጮኸችብኝም። ኮፒውን ስጪኝ አልኳት። የሰዎቹ ነው፣ ለሰዎቹ አነብላቸዋለሁ ብላ ፊቷን አዙራ ሄደች። ችካሉ እጄ አጠገብ ነበር።»

«ማጭዱስ?»

«የአጎቴ ቤት ቅርብ ነው። የት እንደሚሰካው አውቃለሁ።»

«እዚያ የተውከው ረስተኸው ነው?»

ወረቀቱን ከፊቱ ገፋ አደረገው።

«ጠየቅሁህ። ረስተኸው ነው?»

«ሽማግሌ ነው» አለ። «ቶሎ ይለቁታል ብዬ ነው።»

ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁ። በሃያ ዓመት አገልግሎቴ ቃል እየተቀበልኩ ወጥቼ አላውቅም። ደጅ ቆሜ ግድግዳውን በጡጫዬ መታሁት፤ እጄ ለሳምንት አበጠ።

እንድሪያስን ጠርቼ ቃሉን ተቀበልኩ። ፈቃዱን አምጣ ማለቱን አመነ። እንዴት እንደሚመጣ አልጠየቅሁም አለኝ፣ አለመጠየቁ ንጽሕና ይመስል። የተጭበረበረው ቃለ ጉባኤ ተሰረዘ፤ የእሱ ጉዳይ ግን ለብቻው ይታያል ተብሎ እስካሁን ቢሮው ተቀምጧል።

መዝገቡን ለአለቃዬ ሳቀርብ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥሩ ሥራ ነው። የግድያውን ምክንያት ግን 'በግል ጸብ' በዪው። ትልቅ ፕሮጀክት ነው፤ ሰውየውም አምኗል። ሌላው ምን ያደርግልናል?»

«ጌታዬ፣ በመካከላቸው የግል ነገር አልነበረም። እንደዚያ ካልኩ ከተማው ሲያወራው የከረመውን እኔ ማኅተም አደረግሁበት ማለት ነው።»

«ፍሬሕይወት…»

«በዚያ ቃል የሚፈርም ሌላ መርማሪ ይፈልጉለት። እኔ አልፈርምም።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ወረቀቱን እንዳለ ወደ እኔ ገፉት። እኔም እንዳለ ፈረምኩበት።

በቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ በሚኒባስ ዱርቤቴ ሄድኩ። የፀደይ አባት መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ድጓ ያስተምራሉ። ለቅሶው አልተነሣም ነበር፤ ድንኳኑ ውስጥ ሃምሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። እኔ ስገባ ወሬው ጸጥ አለ። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ ስትንሾካሾክ «ወንዱ ተያዘ መሰለኝ» ስትል ሰማሁ።

መሪጌታ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሰው ያዝንልኛል፣ ዓይኔን ግን አያየኝም። እውነቱን ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ንገሪኝ። ልጄ በምን ሞተች?»

«በጆሮዎ አልነግርዎትም፣ አባቴ» አልኳቸው።

ተነሥቼ ቆምኩ። ለሃምሳው ሰው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ሜዳውን፣ ሳሩን፣ ሰባተኛውን መደብ፣ የውሸት አሻራውን፣ ፀደይ ያንን ሰው ከማጋለጧ በፊት ራሱ እንዲያርም መለመኗን፣ ወረቀቱንም ለሰዎቹ አነብላቸዋለሁ ማለቷን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ያቺ የተንሾካሾከችው ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሌሎችም አቀረቀሩ። ዝም ያሉት ከኀዘን ብቻ አልነበረም፤ እፍረትም ነበረበት፣ እኔም እንዲያፍሩ ፈልጌ ነበር።

መሪጌታ አላለቀሱም። ስቀመጥ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ሽማግሌው ተፈቱ?»

«ተፈትተዋል።»

«ከብቶቹስ?»

«ሜዳው ላይ ናቸው። ለጊዜው።»

«ለጊዜው» ብለው ደገሙት። ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና ድንኳኑ በር ላይ ላለ ዲያቆን እንዲህ አሉት፦ «ከአርባዋ በኋላ ቡሬ እሄዳለሁ። ልጄ ለሰዎቹ አነብላቸዋለሁ ያለችው ወረቀት አለ። ማንም ያላነበበላቸው እንደሆነ፣ እኔ አነብላቸዋለሁ።»